የመመለሻ ነጥብ

በዚያ ዘመን የድሬዳዋ ሰው ጥያቄውን ሳያጠራ አፉን አይከፍትም ነበር። ገበያ ወጥቶ «ቲማቲሙ ጥሩ ነው?» የሚል ካለ፣ ወይ ሩቅ አገር ከርሞ የመጣ ነው ወይ ዕድሜ የተጫነው ነው። ሌላው ሰው «ይሄ ቲማቲም ሳይበላሽ እስከ እሑድ ይቆያል?» ይላል፤ ሻጯም «ጥላ ካገኘ ይቆያል» ትለዋለች፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። ሕፃን ልጅ «ለምን?» እያለ ሲነዘንዛት እናቱ «የምኑ ለምን? ጨርሰህ ጠይቅ» ትለዋለች።

ልማዱን ያመጣው መልስ ቤት ነው። ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛም ከየመስኮታቸው ከተነሱ ወዲህ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ መልስ ቤት ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። ጥያቄው ግልጽ ከሆነ መልሱ ወዲያው ይሰጣል፤ መልሱን ተከትሎም መድኃኒቱ ወይም ፍርዱ ወይም መኪናው ይመጣል። ግልጽ ካልሆነ ጥያቄው ይዘጋል።

ረውዳ ዩሱፍ መልስ ቤት ማዘውተር አትወድም ነበር። ሥራዋ የጥላ ሸራ መስፋት ነው። ከመጋላ እስከ ከዚራ መንገዱ ሁሉ በሸራ ከተሸፈነ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እኩለ ቀን ላይ ያለ ሸራ መንገድ የሚሻገር የለም። ሸራውን ፀሐይ ይበላዋል፣ እሷ ትጥፈዋለች። ባሏ ኢድሪስ ደግሞ የላይ መርከብ ጠባቂ ነው። የላይ መርከቦች ከደመና በላይ፣ አየሩ ለመተንፈስ በማይበቃበት ከፍታ ላይ ጭነት ይዘው ይሄዳሉ። መሪ የላቸውም። መታጠፍ ሲያስፈልግ ከምድር ያለው ማማ ያዞራቸዋል፤ እስኪያዞራቸው ድረስ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ኢድሪስ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ተቀምጬ እሄዳለሁ» ይላል። በመነጽር ቁልቁል እያየ የመጋላን ሸራ ከሌላው ሰፈር ሸራ እንደሚለይ፣ የሚስቱን ስፌትም በመጣመሙ እንደሚያውቀው ለጓደኞቹ ይምላል። «ወላሂ ወደ ግራ ነው የሚያጋድለው፤ ልክ እንደ አነጋገሯ።»

በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ ከድሬዳዋ የተነሳችው የኢድሪስ መርከብ የመንን አልፋ ስትሄድ ማማው ታጠፊ አላት። አልታጠፈችም። ደግሞ አላት። መርከቧ መንገዷን ይዛ ወደ ቻይና ቀጠለች።

ዜናውን ያመጡላት ጎረቤቷ እትዬ ዓለምነሽ ናቸው። ረውዳ መቀሱን አስቀምጣ ቀጥታ መልስ ቤት ሄደች።

«ባለቤቴ ይመለሳል?»

«ጥያቄው ግልጽ አይደለም» አለ ድምፁ። ጨዋ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። «መመለስ ሲሉ ከየት ወደ የት ማለትዎ ነው? እባክዎ አስተካክለው ይጠይቁ።»

«ወደ ቤቱ ነዋ። ኢድሪስ ወደ ቤቱ ይመለሳል ወይ?»

«ቤት የሚለው ቃል አልተበየነም። ጥያቄው ተዘግቷል።»

በሩ ተከፈተ። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው ሰው ገባ፤ እሱ የፍየሉን ሳል በሚገባ አጥርቶ ይዞ ነበር።

በዚያ ዘመን ጥያቄ የከበደው ሰው ወደ አጥሪ ይሄዳል። የረውዳ ሰፈር አጥሪ ጋሽ ወሰንየለህ ናቸው፤ ጂኦሜትሪ አስተማሪ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ የብረት አግዳሚያቸውን ይዘው ተቀመጡ። የመጣውን ሰው ያዳምጡና የሚያወራውን ሁሉ ጠርበው፣ ጠርበው አንድ ዓረፍተ ነገር ያደርጉለታል። ብዙ ሰው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ የተናገረው ነገር ምን ያህል ትርፍ እንደነበረው ሲያይ ያፍራል።

«ጋሼ፣ ዘጋብኝ።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

«ይመለሳል ወይ አልኩት።»

«እሱማ ጥያቄ አይደለም፣ ልቅሶ ነው» አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም። ከጎናቸው ካለው ከረጢት ብርቱካን አወጡ። «ተቀመጪ። ነጠላሽ ላይ የተሰካው ክር ያንቺ ነው? ስጪኝ እስቲ።»

ረውዳ ከመርፌዋ ጋር የተንጠለጠለውን ክር ሰጠቻቸው።

«መርከቧ ትታጠፋለች?»

«በምን መሪዋ?»

«ከፍታዋንስ ትጠብቃለች?»

«ኢድሪስ ትጠብቃለች ነው የሚለው። ብርጭቆ ሻሂ ብታስቀምጥባት አይደፋም ይላል።»

«ጥሩ። እንግዲህ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።» ክሩን ብርቱካኑ ላይ ወጠሩት። «ጎባጣ ነገር ላይ ቀጥ ማለት ይሄ ነው፤ የተወጠረ ክር የሚተኛበት መንገድ። ክፍል ውስጥ ጂኦዴሲክ እንለው ነበር፤ ተማሪዎቹ ስሙን ብቻ ያስታውሱታል። እዪ፣ ብርቱካን ጠርዝ የለውም። ስለዚህ ክሩ ወድቆ የሚቀርበት ገደል የለም። ሁልጊዜም የሚቀጥልበት ገጽ አለው። ታዲያ የት ይደርሳል?»

ክሩ ብርቱካኑን ዞሮ ከራሱ ጫፍ ጋር ገጠመ። ረውዳ ጫፍና ጫፍ ሲነካኩ ስታይ ከዜናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ።

«ምድርን ፍጹም ኳስ አድርገን እንውሰዳት» አሉ ጋሽ ወሰንየለህ።

ይህን ያሉት ሳያስቡበት ነው። ሰው ሊበላ ሲል ቢስሚላህ እንደሚል፣ አጥሪም የምድር ጥያቄ ሲመጣለት ፍጹም ኳስ ይላል። መልስ ቤት ረጅም ጥያቄ አይወድም፤ ኳስ ካልክ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ለሶላት አቅጣጫም፣ ለዝናብ መምጫም፣ ለዘመድ አገር ርቀትም ምድር ስትጠየቅ የኖረችው ኳስ ሆና ነው። በዚህ የተጎዳ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አስጠኗት። ረውዳ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ የመርከቧን መለያ ሰጠች፣ ዓይኗን ጨፍና አነበነበች።

«በፍጹም ኳስ ገጽ ላይ፣ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ሳይታጠፍ የሚሄድ አካል፣ ወደ ተነሳበት ነጥብ ይመለሳል ወይ? የመመለሻ ነጥቡስ የት ነው?»

«ጥያቄው ግልጽ ነው» አለ ድምፁ። «አዎ፣ ይመለሳል። የመመለሻ ነጥቡ የተነሳበት ነጥብ፣ ድሬዳዋ ነው። ቀላቢ ተልኳል። ስለ ግልጽ ጥያቄዎ እናመሰግናለን።»

ቀላቢዋ ደረሰች። አንገቷ ሲዘረጋ ከደመና በላይ የሚደርስ፣ ክንዶቿ የታጠፉ ግዙፍ ነገር ናት፤ የላይ መርከብ ሲያልፍ ከላይ ጠብቃ ትይዘዋለች። ከከተማው ውጭ ሜዳው ላይ እግሯን ለመትከል ቀናት ፈጀባት፤ አንዴ ከተተከለች አትነቃነቅም።

በቀጣዩ ሐሙስ መንደሩ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። መርከቧ ምድርን ዞራ በአንጎላና በኡጋንዳ በኩል፣ ከዚያም አርባ ምንጭን አልፋ እንደምትመጣ ጋሽ ወሰንየለህ ለጠየቃቸው ሁሉ እያስረዱ ነበር። እትዬ ዓለምነሽ ሳምቡሳ በሰሃን ይዘው መጥተዋል።

«ሲወርድ መጀመሪያ ወደ ሻወር ነው» አሉ። «ሳምንት ሙሉ ያልታጠበ ወንድ አቅፈሽ እንዳታሳፍሪን።»

«ላይ ብርድ ነው፣ ላብ የለም ይላል።»

«የሚለውንማ ሁሌም ይላል።»

ረውዳ ሳቀች። የእጅ ሬዲዮዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛለች። የመርከቧ ዋና ሬዲዮ ከማማው ጋር የነበራት ግንኙነት ሲቋረጥ አብሮ ሞቷል፤ የሚሠራው ይኸኛው ብቻ ነው፤ እሱም መርከቧ በቅርብ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃ። ቀላቢዋ ክንዶቿን መዘርጋት ጀመረች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አቀና።

ሬዲዮው አንኮራኮረ።

«ረውዳ?»

«አለሁ። አለሁ ኢድሪስ።»

«የት ናችሁ?»

«ሜዳው ላይ ነን። ከነመንደሩ። አንተ የት ነህ?»

«ከሥሬ ተራራ ነው ያለው። ጭሮ መሰለኝ። አዎ፣ የጭሮ መንገድ ነው፣ ጥምዝምዙን አውቀዋለሁ። ቀላቢዋ ትታየኛለች። በስተቀኝ፣ ሩቅ ናት። ክንዷን ዘርግታለች አይደል?»

«ዘርግታለች።»

«ወደዚህ በሏት እንጂ።»

ረውዳ ዞር ብላ ጋሽ ወሰንየለህን አየች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«አትንቀሳቀስም» አለችው።

«በቃ ተመሳሰልን፤ እኔም አልንቀሳቀስም» አለ ኢድሪስ። የሳቀ መሰላት፤ ድምፁ ተቆራረጠና ጠፋ። ሜዳው ላይ ማንም ሰማይ ላይ ያየው ነገር አልነበረም። ሳምቡሳው ሳይነካ ወደ ቤት ተመለሰ።

በማግሥቱ ጋሽ ወሰንየለህ እሷ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። ግቡ ብትላቸውም አልገቡም። እጃቸው ላይ መንደሪን ነበር።

«ምድር ብርቱካን አይደለችም» አሉ። «ይሄን ነው የምትመስለው። ከላይና ከታች ተጨፍልቃለች። ጥቂት ነው፣ ዓይን አያየውም፤ ግን ተጨፍልቃለች። ክርሽን አምጪ።»

ክሩን መንደሪኑ ላይ በሰያፍ ወጥረው አዞሩት። ዞሮ ሲመጣ ከጫፉ ጋር አልገጠመም፤ ከጎኑ ተኛ። ደግመው አዞሩት፤ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ተኛ።

«በየዙሩ ወደ ምዕራብ ትሸሻለች። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል። ሳትታጠፍ፣ ቀጥ እንዳለች።»

«ታዲያ ለምን ኳስ አሉ?»

«ሁልጊዜ ኳስ ስለምንል» አሉ።

ቀላቢዋ ቶሎ ወደ ምዕራብ ብትዛወር ገና ጊዜ ነበር። ኢድሪስ ውሃውን ከአየር የሚያወጣለት ዕቃ አለው፤ ስንቁንም ቢቆጥብ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ያደርሰዋል። አብረው መልስ ቤት ገቡ። ረውዳ ተቀመጠች፣ አዛውንቱ ከኋላዋ ቆሙ።

«ከድሬዳዋ የተነሳችው መርከብ የምትመለስበት ነጥብ የት ነው?»

«ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። ተዘግቷል።»

«ቀላቢዋ ከዚያ ተነስታ ወደ ምዕራብ ትሂድልኝ።»

«ይህ ጥያቄ አይደለም።»

«የሰጣችሁን መልስ ስህተት ነው።»

«ይህም ጥያቄ አይደለም።»

ጋሽ ወሰንየለህ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ ነገሯት። «የሰጣችሁን መልስ ስህተት ነው ወይ?» አለች።

«አይደለም። በፍጹም ኳስ ገጽ ላይ ይመለሳል።»

እንዲህ እያሉ ሁለት ሐሙስ አለፈ። አንዱን ሐሙስ መርከቧ ከአዋሽ ማዶ፣ ሌላውን አዲስ አበባ ላይ አለፈች። ረውዳ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጣሪያ ላይ ብትቀመጥም ከሹክሹክታ በቀር የሰማችው የለም። ጋሽ ወሰንየለህ ሌላ ሰው መቀበል ትተው ጥያቄውን ሲያጠሩ ሰነበቱ። ቃል ይጨምራሉ፣ ይረዝምባቸዋል፤ ይቀንሳሉ፣ የድሮውን ይመስልባቸዋል። በመጨረሻ ለሊቃውንት የሚቀርብ ዓይነት፣ ምንም ትርፍ የሌለው ጥያቄ አወጡ። ሲያነቡላት ድምፃቸው ውስጥ ከአስተማሪነት ዘመናቸው የተረፈ ኩራት ነበረበት።

ረውዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቃል በቃል ደገመችው።

«ከላይና ከታች በጥቂቱ በተጨፈለቀ ኳስ ገጽ ላይ፣ በሰያፍ ተነስቶ ሳይታጠፍ የሚሄድ አካል፣ ወደ ተነሳበት ነጥብ ይመለሳል ወይ? የመመለሻ ነጥቡስ የት ነው?»

«ጥያቄው ግልጽ ነው። አዲስም ነው» አለ ድምፁ። ጋሽ ወሰንየለህ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። «በጠቅላላው አይመለስም። ከተነሳበት ነጥብ የፈለጉትን ያህል ሊቀርብ ይችላል፤ አይደርስበትም። የመመለሻ ነጥብ ስለሌለ የቀላቢው ተልእኮ ተሰርዟል። ስለ ግልጽ ጥያቄዎ እናመሰግናለን።»

በሩ ሳይከፈት ረውዳ ተቻኩላ ጠየቀች። «ድሬዳዋ አጠገብ መቼ ያልፋል?»

«አጠገብ የሚለው ቃል አልተበየነም።»

«ከዚህ እስከ ሳቢያን ሰፈር ያህል።»

«ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ ከሰሜን ምዕራብ በኩል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቀላቢዋ እግሯን እየነቀለች ነበር። ክንዶቿ ተጣጥፈው አንገቷ ወርዶ፣ ሜዳው ላይ ለመተኛት የተዘጋጀች ግመል ትመስላለች።

«ኳሱን ባልነካካነው ኖሮ» አሉ ጋሽ ወሰንየለህ «ቢያንስ እሷ እዚህ ትቆይ ነበር።»

«ለማን ጋሼ?»

ይህኛውን ጥያቄ ማጥራት አይጠበቅባቸውም ነበር፤ ግልጽ ነው።

ረውዳ በዚያ ሳምንት የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ሱቋ ጥግ የተጠራቀመውን ብርቱካናማ ቁራጭ ሁሉ፣ ከመጋላ የወረደውን አሮጌ ሸራም ጨምራ አንድ ትልቅ ሸራ ሰፋች። ተዘርግቶ የአንድ ትልቅ ቤት ጣሪያ ይሸፍናል፤ ተጣጥፎ የአንድ ሰው ሸክም ይሆናል። እትዬ ዓለምነሽ ሲያዩት ዙሪያውን ዞሩ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላሳየው ነው።»

«ካሳየሽውስ በኋላ?»

ረውዳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ባቡር ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያ በአውቶቡስ አምቦ። ቦታውን በየሳምንቱ እየለኩ የሚነግሯት ጋሽ ወሰንየለህ ናቸው፤ ያ ብቻ የቀራቸው ይመስል ስልኩን ገና ሳይጠራ ያነሱታል። በአምቦ ዳርቻ የሣር ሜዳ ላይ ሸራውን ዘርግታ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫነችበት፤ ራሷ መሐሉ ላይ ቆመች። ሁለት ገበሬዎች ቀርበው የምትሸጠው ስንት እንደሆነ ጠየቋት። የማይሸጥ ነው አለቻቸው። አምነዋት ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፣ መልሷም ግልጽ ነበር።

«ረውዳ» አለ ሬዲዮው። ድምፁ ከጎኗ ያለ ያህል ጠርቶ ነበር።

«መነጽርህን አንሳና ቁልቁል እይ።»

«ያ ብርቱካናማው?»

«እሱ።»

«ጥፍር ያክላል። ወደ ግራ አጋድሏል። ምነው አንቺ፣ አምቦ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጠበል መጣሁ።»

«አባትሽ ዩሱፍ ይስማሽና፣ አንቺ ሙስሊም ሴት።»

ሁለቱም ሳቁ። ደቂቃዎቹ እያለቁ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ስለ ጣሪያው ቀዳዳ አወሩ፣ ስለ እትዬ ዓለምነሽ ጉልበት አወሩ። ብስኩቱን እየቆጠበ እንደሆነ ነገራት። የቻይናን በረሃ፣ የጃፓንን ዳርቻ፣ ከዚያ ማለቂያ የሌለውን ውሃ፣ ከዚያ የአርጀንቲናን ጫፍ በረዶ ነገራት። ሁሉም አንድ ቀን ብቻ ያምራል አለ።

«መልስ ቤት ምን አለ?»

ረውዳ እግሯ ሥር ያለውን ስፌት አየች።

«ጥያቄው ገና እየተጣራ ነው» አለችው።

«አይ እነሱ። አንድ ነገር ለመጠየቅ እንኳ...» ድምፁ ተቆረጠ።

በነቀምት ደመና ነበር፤ ሆኖም ልክ በሰዓቱ ሰማዩ ስንጥቅ ብሎ ተከፈተና አያት። «ይኸው፣ አየሁሽ» ብሎ ያንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። በጊምቢ አልተከፈተም። «ዛሬ ከሥሬ ጥጥ ብቻ ነው» አላት። ጥያቄውን አላነሳም። እሷም አላነሳችም። ግን ኢድሪስ አንድ ነገር ተናገረ፦ «ሐሙስ ሐሙስ አገር ይቀየራል። በፊት ጭሮ፣ አሁን ጊምቢ። ሳስበው ሳስበው፣ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። ታዲያ ማን ነው የሚሸሸው?»

«ምድር ናት አሉ ጋሼ። ተጨፍልቃለች።»

«ተጨፍልቃለች» አለ፤ ነገሩን እንደሚያኝክ ሰው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም።

በሐምሌ መጨረሻ ረውዳ አሶሳን አልፋ ድንበሩ ጋ ደረሰች። ዝናቡ ለቀናት አላባራም። አገሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ አጠገቡ የቆርቆሮ መጠለያ አለ፤ ሰው የለም። ጋሽ ወሰንየለህ ጠዋት ደውለው የዛሬው ከእሷ ራስ በላይ እንደሚያልፍ፣ የሚቀጥለው ግን ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ እንደሚሆን ነግረዋታል። ስልኩን ሲዘጉ «ይቅር በይኝ» አሉ፤ እሷም ምኑን ብላ ሳትጠይቅ እሺ አለቻቸው።

ረውዳ ወደ ምሰሶው ተጠጋች።

«ወደ ማዶ መሻገር እችላለሁ?»

ከምሰሶው የመለሰላት ያው የመልስ ቤት ድምፅ ነው። «መሻገር ሲሉ ለምን ጉዳይ፣ ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለአንድ ሐሙስ። ባሌን ለማየት።»

«ማዶ የሚኖር ባል የለዎትም። ጥያቄው ተዘግቷል።»

ተመልሳ ቆርቆሮው ሥር ተቀመጠች። ሸራውን ልትዘረጋ ሞክራ ነበር፤ ጭቃው ዋጠው፣ ንፋሱ ገለበጠው፤ እየጎተተች መልሳ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከብዷል፤ ውሃው በጉልበቷ ላይ ይወርዳል። ከላይ ያለው ደመና ከተራራ እስከ ተራራ ተዘግቷል። ቢዘረጋም ባይዘረጋም ለውጥ የለውም።

ሬዲዮው ቀስ ብሎ አንኮራኮረ።

«ረውዳ።» ድምፁ ቀጥኗል። በቃልና በቃል መካከል የሚያርፍ ሰው ድምፅ ነው።

«አለሁ። በላህ?»

«በላሁ።»

ምን እንደበላ አልጠየቀችውም።

«ዝናብ ነው ያለው እናንተ ጋ?» አለ።

«ትንሽ።»

«ከሚቀጥለው ጀምሮ ሱዳን ነኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ።»

ጊዜ እያለፈ ነበር፤ ረውዳ በዚህ ሁሉ ሳምንት ያጠናቻቸው ጥያቄዎች፣ ነጥቡ፣ ገጹ፣ ሰያፉ፣ ሁሉም በአፏ ውስጥ ተሰልፈው መጡና አንዱም አልወጣም። ከራሷ በላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ኢድሪስ፣ ታየኛለህ?»

መነጽሩን ሲያነሳ፣ መስኮቱን በእጁ ሲጠርግ ታያት።

«አየሁሽ» አለ። «ይኸው ብርቱካናማው። ዘርግተሽዋል። ትንሽ ወደ ግራ አጋድሏል እንጂ በደንብ ይታያል።»

ረውዳ ጭኗ ላይ ያለውን እርጥብ እጥፋት አየች። እጇን አሳርፋ ጫፉን ወደ ቀኝ ሳብ አደረገችው።

«አሁንስ?»

«አሁን» አለ ኢድሪስ «ቀጥ ብሏል።»